ሳያለቅሱ ስለሚወለዱት

ሕፃን ሞቶ ሲወለድ ስም አይወጣለትም፤ በብዙው አገራችንም ድንኳን አይጣልለትም። ጎረቤት እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ያጽናናና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ማጽናናቱ ደግ ነው። «በምን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ መታጣቱ ግን ደግ አይደለም።

በዓለም ላይ በያመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 40 የሚበልጡት የሚሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ይኸውም እናቲቱን ምጥ ሲይዛት ልባቸው ይመታ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ መፍትሔው ሩቅ ነውን? በጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል፣ ያሠጋሉ የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚሰነብቱበት ማቆያ ቤት ነበረው። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1987 እስከ 2008 ዓ.ም. ያለው መዝገቡ ሲመረመር፣ በማቆያው ከሰነበቱት እናቶች ከ1000 ወሊድ 18 ያህል ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ሆነው ተገኙ።

ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን በተማሪነቴ የለመድሁት ጥርጣሬ አልለቀቀኝም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ሲያምጡ ቆይተው የጠናባቸው መሆናቸው አይቀርምና፣ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው ቤት መስጠት አይገባም። ስንቱ የማቆያው፣ ስንቱ የመንገዱ ነው? ይህን የሚለየው ምርምር ብቻ ነው።

ወላይታ ሶዶ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲና ማስተማሪያ ሆስፒታል አላት። ቆላው ሁምቦና ኪንዶ ኮይሻ ወባ ያጠቃዋል፤ ከፍ ያለው የዳሞት ወገን ግን ቀለል ይልለታል። ወባ የእንግዴ ልጁን ስለሚያውክ፣ ሁለቱን ማስተያየት ብዙ ያስተምራል።

ሥራው ከመዝገብ ይጀምር። «ሞቶ የተወለደ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። እናቲቱ ስትደርስ የፅንሱ የልብ ትርታ ይሰማ ነበርን? የሕፃኑስ ቆዳ ተልጧል ወይስ አልተላጠም? ካልተላጠ ሞቱ የቅርብ ነውና ጥያቄው ወደ ማዋለጃው ክፍል ይዞራል። ከተላጠ ደግሞ ወደ ደም ግፊቱ፣ ወደ ወባው፣ በጊዜው ቢመረመር በፔኒሲሊን ይድን ወደነበረው ቂጥኝ እንሄዳለን።

ይህን በወረዳ ለሚሠራ ጓደኛዬ ባጫውተው፣ «አዋላጆቹ ቅጣት ፈርተው እውነቱን አይጽፉም» አለኝ። አልተሳሳተም። እንግዲያው በወረቀቱ ላይ የአዋላጇ ስም አይጻፍ፤ ሰዓቱ ግን ይጻፍ።