ፀሐይ የማይጠግበው ሰዓት

ከመካከላችን አንዱ ከአባቱ የወረሰው፣ በብርሃን የሚሠራ የእጅ ሰዓት አለው። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ይህ ሰዓት ፀሐይ ሲያገኝ ቆጣሪዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ሌሊቱን ግን ቆሞ አደረ። ሰዓት ሠሪው አገላብጦ ተመለከተውና «አልቆለታል» አለ። እኛ ግን ፍርዱን ከመቀበላችን በፊት አንድ ጥያቄ አነሣን፦ ሰዓቱ ያቃተው ኃይል መቀበል ነው ወይስ የተቀበለውን ማቆየት?

የጃፓኑ ሲቲዝን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ባለ ቆጣሪውን የብርሃን ሰዓት ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ መሠረታዊው መርሕ አልተለወጠም። የሲሊከን ሴል ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኤሌክትሪኩ እንደገና በሚሞላ አነስተኛ ድንጋይ ውስጥ ይጠራቀማል። ድንጋዩም በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበውን የኳርትዝ ክሪስታልና ቆጣሪዎቹን የሚገፋውን ሞተር ይመግባል። እንግዲህ ችግሩ ከብርሃኑ፣ ከሴሉ፣ ከድንጋዩ ወይም ከሞተሩ ሊመነጭ ይችላል ማለት ነው።

በቅድሚያ ብርሃኑን መረመርን። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ሲደርስ የመማሪያ ክፍል ብርሃን ግን 500 ሉክስ ገደማ ብቻ ነው። ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስማማ ይህን የሁለት መቶ እጥፍ ልዩነት አያስተውለውም፤ የሲሊከን ሴሉ ግን ያስተውለዋል። በመሆኑም ሰዓቱን ከመጠን በላይ እንዳይግል እየተጠነቀቅን መስኮት አጠገብ አኖርነው፤ መጀመሪያ ለአንድ ቀን፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ በመጨረሻም ለሦስት ቀናት።

ጉድለቱ የብርሃን ማነስ ቢሆን ኖሮ የብርሃኑ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሰዓቱ በጨለማ የሚሠራበት ጊዜም በረዘመ ነበር። ነገር ግን ሦስቱንም ጊዜ ሳይነጋ ቆመ። ብርሃን ላይ ሳለ መሥራቱ ደግሞ ሴሉ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ያስረዳል። የቀሩት ተጠርጣሪዎች ድንጋዩና ሞተሩ ነበሩ። እነርሱን ለመለየት የተሞላውን ድንጋይ አውጥተን ለብቻው አሳደርነው። ጧት በመልቲሜትር ስንለካው ቮልቴጁ ክፉኛ ወርዷል። ሞተሩ ሳይነካው ኃይሉን ያጣው ድንጋዩ ራሱ ነበር።

ምክንያቱ ምን ይሆን? እንደገና የሚሞላ የሊቲየም ድንጋይ ፈጽሞ ተሟጦ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የውስጥ ኬሚካላዊ አካሉ ይጎዳል፤ ኃይል የመያዝ ዐቅሙም ይቀንሳል። መሳቢያው ሰዓቱን ከአቧራ ቢጠብቀውም ድንጋዩን ግን በጨለማ አስርቦታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በመጠን የሚመሳሰል ተራ የሰዓት ድንጋይ መተካት አይገባም። ተራው ድንጋይ እንዲሞላ ሆኖ ስላልተሠራ ከሲሊከን ሴሉ በሚመጣው ኃይል ሊያፈስና ሰዓቱን ጨርሶ ሊያበላሽ ይችላል። እኛም በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበን ተመሳሳዩን ፈለግን።

አዲሱ ድንጋይ በገባ በማግስቱ ጧት ሰዓቱ እየሠራ ተገኘ። ባለቤቱም ከእንግዲህ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጠውም።