ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚመጣው ወረቀት

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አንኮበር ገብስ እያረሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ሌሊት ልጃቸው ደወለልኝ። «እትዬ፣ አባባ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት እምቢ ብሏቸዋል። ሆዳቸው ተወጥሯል» አለኝ። «ሳትውል ሳታድር ይዘሃቸው ና» አልኩት። ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽንት ለተቋጠረበት ሰው ግን መንገዱ አያልቅም።

ሆስፒታል እንደደረሱ ቱቦ ገባላቸውና እፎይ አሉ። በኋላ ሲጠየቁ፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት መነሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜዬን በነርስነት ለጨረስኩት ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም። «ይኼ ለሴት ይነገራል?» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሕመማቸው የፕሮስቴት እብጠት ነበር። ፕሮስቴት ወንዶች ሁሉ ያላቸው፣ ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት መውጫውን ቱቦ ከብቦ የሚገኝ ትንሽ ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድግና መውጫውን ያጠብባል። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር አለመሆኑን የሚለየው ግን ሐኪም ብቻ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙዎች በሚዋጥ መድኃኒት ይሻላቸዋል። ሲብስ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፤ ይህም በሆድ በኩል ተከፍቶ ወይም በሽንት ቱቦ በኩል በመሣሪያ ተገብቶ ይሠራል።

የጋሼ ኦፕራሲዮን በሰላም አለፈ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ስለ ሂሳቡ ወረቀት ነው።

ብዙ ቤተሰብ «የኦፕራሲዮኑ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ ዋጋ ያለ ይመስለዋል። ሂሳቡ ግን የሚጠራቀም ነው። ካርድ፣ የደምና የሽንት ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ማደንዘዣ፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ፣ አልጋ በየሌሊቱ፣ መድኃኒት፣ ፊኛ የሚታጠብበት ፈሳሽ፣ ቱቦ፣ የሽንት ከረጢት፣ ጓንት፣ ክር፤ ሁሉም ለየብቻ ይጻፋል። የሚጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሥራ የተወጠረ ነርስ ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ ለአንድ አባት ሁለት ቱቦ አስወጣሁ፤ አንዱ አልሆን ካለ ሌላው ይኑር ብዬ። የመጀመሪያው በደንብ ሠራ፣ ሁለተኛውን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ከመዝገቡ ላይ ግን አልሰረዝኩትም። ቤተሰቡ የሁለቱንም ከፍሎ ሄደ። እኔ ያወቅሁት ወሩ ሲያልቅ ዕቃ ስንቆጥር ነው፤ እነሱ አገራቸው ገብተዋል። ማንም አልከሰሰኝም፤ ዛሬም ግን አልረሳውም።

ስለዚህ ጋሼ ሲወጡ ዝርዝሩን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁና መስመር በመስመር አነበብኩ። ቱቦ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ልጁን ጠየቅሁት፤ የተለወጠ ቱቦ የለም። ገንዘብ ተቀባይዋን በትሕትና «ልጄ፣ ይኼ ከክፍሉ መዝገብ ጋር ይታይልኝ» አልኳት። ታየ፤ ስህተት ነበር፤ ተነሳ። ያ የነርስ ስህተት እንጂ ሌብነት እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የማይጠይቅ ሰው ግን ከፍሎ ይሄዳል።

ከዕቃው ዝርዝር እኩል የበሽታው ስም አጻጻፍም ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለየበሽታው መለያ ቁጥር አውጥቷል። በ10ኛው እትም የፕሮስቴት እብጠት «ኤን 40»፣ የፕሮስቴት ካንሰር «ሲ 61»፣ የሽንት መቋጠር ደግሞ «አር 33» ይባላል። ሦስቱን ልዩ የሚያደርጋቸውን አስተውሉ። የሽንት መቋጠር ምልክት ነው፤ የሚያስከትለውን በሽታ አይናገርም። በመውጫ ወረቀት ላይ «ሽንት ተቋጥሮ ታከመ» ብቻ ከተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ምን እንደተቆረጠ አያውቅም፤ ከፋዩም ኦፕራሲዮኑ ለምን እንዳስፈለገ አይታየውም። አሜሪካ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አለው፤ በሽንት ቱቦ በኩል የሚሠራው የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን 52601 ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ገንዘብ ከመላካቸው በፊት «ዝርዝሩን ላኩልን» ሲሉ ቅር የሚላችሁ አላችሁ። ልምዳቸው ነው፤ ደግም ልምድ ነው።

በእኛ አገር በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለገበሬውና ለአነስተኛ ነጋዴው ትልቅ መከታ ሆኗል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ሲታመም ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ጋሼም ካርድ ነበራቸው። ግን አልታደሰም። ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ «ዘንድሮ ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እከፍላለሁ?» ብለው መልሰዋቸዋል። ሽንታቸው እምቢ እያለ!

እናም ሂሳቡ ከኪስ ወጣ። አንድ በሬ ተሸጠ፤ ያውም በእርሻ ወቅት። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ያውቀዋል፤ ጋሼ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው አረሱ፤ ተራቸው እስኪደርስ ዝናቡ አልጠበቃቸውም።

አያቶችና አባቶች ላሏችሁ አራት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ ሌሊት የሚመላለሱ ከሆነ ወንድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቀረብ ብሎ ይጠይቃቸው፤ ከሴት የሚደበቀው ለእሱ ይነገራል። ሁለተኛ፣ የመድን ካርዱ መታደሱን በጤናችሁ ጊዜ አረጋግጡ፤ ሪፈሩንም ቅጂ አንሱ። ሦስተኛ፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ ማዘዣውንና ሕጋዊውን ደረሰኝ አትጣሉ፤ የሚመለስ ገንዘብ ካለ ያለ ደረሰኝ አይመለስም። አራተኛ፣ ስትወጡ የሂሳቡን ዝርዝርና የበሽታውንም የኦፕራሲዮኑንም ስም የያዘ ወረቀት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

በጥር ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጋሼ ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጡ። በውስጧ የታደሰው ካርድ፣ የመውጫ ወረቀቱና ደረሰኙ ተጣጥፈዋል። «አንብቢልኝ፣ በትክክል ተጽፏል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ተጽፏል።