እርሾን የሚያመክነው ዱቄት

ፈልቶ ያለቀ ቢራ ላይ እንጆሪ ወይም ቼሪ ሲጨመር ከፍሬው ጋር አዲስ ስኳር ይገባል፤ ተኝቶ የነበረው እርሾም ይነሳል። ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ ጣፋጩ ጠፍቶ የፍሬው ኮምጣጣነት ብቻ ይቀራል። መፍላቱ ሳያበቃ በጠርሙስ ከታሸገ ደግሞ ጋዙ መውጫ ያጣና ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ የፍራፍሬ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ጣፋጩን ለማቆየት ፖታሺየም ሶርቤት የሚባል ነጭ ዱቄት ይጠቀማሉ። መነሻው የሆነውን ሶርቢክ አሲድ ሮዋን ከተባለ ዛፍ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1859 ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ሆፍማን ነው። አብሮት የሚገባው የካምደን ክኒን ሰልፋይት ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መነሻው ከተሠራባት የእንግሊዝ ከተማ ከቺፒንግ ካምደን ነው።

ብዙ ጠማቂ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሶርቤት እርሾን አይገድልም፣ እንዳይራባ ብቻ ያደርገዋል። እየፈላ ባለ ቢራ ላይ ቢጨመር በውስጡ ያለው እርሾ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ የቢራውን ጥግግት የሚለካው ሃይድሮሜትር ለተከታታይ ቀናት ያንኑ ቁጥር ማሳየት አለበት። ከዚያ ቢራው ፍሪጅ ገብቶ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ እርሾው ታች ይዘቅጣል፤ የጠራው ቢራ አተላው ሳይነካ በቀጭን ጎማ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ሶርቤቱ፣ ለአንድ ሊትር ሩብ ግራም ገደማ፣ ከሰልፋይቱ ጋር የሚገባው ያኔ ነው። ጣፋጭ ጭማቂ የሚጨመረው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሰልፋይቱን መዝለል አያዋጣም። ሰልፋይቱ ያልገታው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ካለ ሶርቤቱን ይለውጠውና ቢራው የጄራንየም ቅጠል ይሸታል፤ ያ ሽታ ከገባ አይወጣም። ሁለቱም ይበልጥ የሚሠሩት ኮምጣጣ መጠጥ ውስጥ ስለሆነ ተራ ቢራ ላይ ከወይን ጠጅ ያነሰ ኃይል አላቸው፤ የፍሬው አሲድ ግን ያግዛቸዋል።

ሶርቤት የገባበት ቢራ በጠርሙስ ውስጥ በራሱ ጋዝ እንዲያበጅ መጠበቅ አይቻልም፤ በበርሜል ተደርጎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሞላበት ይገባል። እንደ እኔ እምነት፣ በርሜልና ጋዝ የሌለው ሰው ሶርቤቱን ትቶ እርሾው እስኪጨርስ ቢታገሥ ይሻለዋል፤ መጠጡ ይኮመጥጣል እንጂ አይፈነዳም። በውጭ አገር ቤታችሁ ጠጅ ጥላችሁ በጠርሙስ ለዘመድ የምትልኩም፣ መፍላቱ ማብቃቱን ሳታረጋግጡ አትክደኑት። ሰልፋይት ከጨመራችሁ ደግሞ አስም ላለበት እንግዳ ሳትነግሩ አትቅዱ።