ስለ ፒስቶን ስፒኖቶ አመራረጥ

ፒስቶንን ከቢዬላ ጋር የሚያያይዘው ክብ የብረት ዘንግ፥ ማለት ስፒኖቶ፥ በመደርደሪያ ላይ ሲታይ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የፍንዳታውን ኃይል ሁሉ ወደ ቢዬላ የሚያስተላልፈው እርሱ ስለ ሆነ፥ ቢሰበር ሞተሩን በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

እኔ ጸሐፊው አንድ ጊዜ የመኪናውን ስም ብቻ ጠቅሼ የጻፍሁት ትእዛዝ የማይገጥም ዕቃ አስመጥቶ አሠሪዬን አክስሯል። ስለዚህ ኃይሉ ከፍ ተደርጎ ለሚሠራ ሞተር ስፒኖቶ የሚያዝ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፥ ልኩን። የሸቭሮሌት 350 ሞተር ስፒኖቶ ስፋቱ 23.55 ሚሊሜትር ሲሆን፥ የፎርድ 302 ግን 23.16 ነው፤ ይህን ልዩነት ያለ መለኪያ ዓይን አይለየውም።

ሁለተኛ፥ የግድግዳውን ውፍረት። ቀላል ስፒኖቶ ለፈጣን ዙር ይመቻል፤ ቱርቦ ለተጨመረበት ሞተር ግን ስሱ ከጫናው የተነሣ ስለሚለመጥ ወፍራሙ ይመረጣል።

ሦስተኛ፥ አገጣጠሙን። በጋለ ቢዬላ ውስጥ ጠብቆ የሚቀር አለ፤ በነጻ የሚዞርም አለ። የኋለኛው በቢዬላው ቦኮላ፥ በፒስቶኑም ግራና ቀኝ መያዣ ቀለበት ያስፈልገዋል።

እነዚህን ሦስቱን ከሞተር ሠሪው በጽሑፍ ሳይቀበሉ ትእዛዙን ወደ ውጭ አገር መላክ አይገባም።