ለጀማሪ ልጅ ስለሚሰጥ የማኅተምና የካርድ መሥሪያ ስጦታ

ለልጅ የሚሰጥ ስጦታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጁ ደስ ብሎት ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ነው፤ ሁለተኛው ግን እጁን ሥራ አስተምሮ እርሱንም በተራው ሰጪ የሚያደርገው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም ልጆች በጎማ ማኅተም እያተሙ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ የሚሠሩበት ዕቃ እንዴት ተሰናድቶ እንደሚሰጣቸው ለማስረዳት ነው።

ይህ ሥራ በስሙ አዲስ ቢመስልም በግብሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፥ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባና ፀሓይ፥ መላእክትም በወረቀት ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት እንቍጣጣሽ ብለው ያድላሉ፤ ተቀባዩም መርቆ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1843 ዓመት፥ ለልደት በዓል ለወዳጆቹ ሁሉ በእጁ ለመጻፍ ጊዜ ቢያጣ ሆርስሊ በተባለው ሠዓሊ አሥሎ አንድ ሺህ ያህል ካርድ አሳተመ። የታተመው ካርድ የተወለደው ከጊዜ ማጣት ነው፤ የእኛ ልጆች የእንቍጣጣሽ ሥዕል ግን ጊዜን ለሰው ከመስጠት የተወለደ ነው። ዛሬ በየከተማው ሱቅ የታተመው እየበዛ የእጁ ሥራ እየቀነሰ ስለ ሆነ፥ ወላጆች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ማኅተምም እንዲሁ ነው። ነገሥታቶቻችን ለደብዳቤያቸው ማረጋገጫ በራሱ ላይ ማኅተማቸውን ያሳርፉ ነበር፤ በንጉሥ ቀለበት የታተመ ቃል እንደማይሻርም መጽሐፈ አስቴር ይነግረናል። ያ ማኅተም ከብረት ወይም ከሌላ ጽኑ ነገር የተቀረጸ ነበር። የጎማ ማኅተም የመጣው ቻርልስ ጉድዪር የተባለ አሜሪካዊ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1839 ዓመት፥ የጎማ ዛፍ ደም ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ በእሳት ሲሞቅ ብርድ የማያደርቀው፥ ሙቀትም የማያቀልጠው እንደሚሆን ካገኘ በኋላ ነው። እነሆ ዛሬ ክብ ማኅተምና ቲተር የሌለበት ቢሮ የለም።

አሁን የምሰጠውን ምክር ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። እኔ በወረታ ተቀምጬ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ወደ ደብረ ታቦር የሚያስኬደው መንገድ በሚገነጠልበት ያለች ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ድረስ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ አንዳንዱም መንደር ከከተማ ተለይቶ ይሰነብታል፤ ሰውም በታንኳ ይሻገራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ለክርስትና ልጄ አሥራ ሁለት የጎማ ማኅተም ያለበት ያማረ ሣጥን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ሰጠሁት። በሣጥኑ ውስጥ ቀለምም ወረቀትም አልነበረም፤ እኔም ይህን ልብ አላልሁም። ልጁ በማግሥቱ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ፥ «አባባ፥ የማኅተሙን ቀለም ለአንድ አፍታ ያውሱኝ» አለኝ። እኔም፥ «ልጄ፥ ይህ የመንግሥት ነው፤ ለጨዋታ አይሆንም» ብዬ መለስሁት። መመለሴ የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን የራሱን ቀለም ሳልገዛለት መቅረቴ የሚገባ አልነበረም።

ልጁም ከምጣድ ሥር ጥቀርሻ ፍቆ በውኃ በጠበጠው። የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ከጥቀርሻ እንደሚሠራ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን የተቈላ እህልና ቅጠል ተጨምሮበት ብዙ ወራት እየታሸ እንደሚቈይ አላወቀም። በዚህ ቀለም አበባ አትሞ፥ ከሥሩም ስሙን ጽፎ፥ ከርብ ማዶ ለሚኖሩት አያቱ በመንገደኛ እጅ ላከ። በታንኳ ሲሻገሩ ወረቀቱ ረጠበ፤ አበባውም ጽሕፈቱም ፈስሶ ጠቈረ። መንገደኛው ለጎረቤት ሰጥቶ መንገዱን ስለ ቀጠለ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። አያቲቱ ከከተማ የተላከ፥ የጠቈረ፥ የማይነበብ ወረቀት በዓመት በዓል ዋዜማ በእጃቸው ሲገባ መርዶ መሰላቸው። የልጁ እናት ወሬውን ሰምታ፥ ልጁን ይዛ፥ ውኃውን ተሻግራ እስክትደርስ ድረስ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ያመኑትም የልጁን ፊት በእጃቸው ዳስሰው ነው። የሰጠሁት ስጦታ በእንቍጣጣሽ የልቅሶ ምክንያት መሆኑን ባሰብሁ ቍጥር አፍራለሁ።

ከዚህ የተማርሁት ነገር አንድ ነው። የጀማሪ ስጦታ የሚመዘነው በብዛቱ ሳይሆን በሙሉነቱ ነው። ቀለም የሌለው አሥራ ሁለት ማኅተም፥ ቀለም ካለው አንድ ማኅተም ያንሳል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማኅተም ቈጥባችሁ በቀለምና በወረቀት ላይ አውሉት። በሣጥኑ የሚገባውም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሦስት ማኅተም ይበቃል። አንዱ የአደይ አበባ፥ ሁለተኛው በብራና መጻሕፍት ራስ ላይ እንደምናየው ያለ ሐረግ፥ ሦስተኛው «እንኳን አደረሰዎ» የሚል ጽሕፈት ይሁን። ማኅተም ከሚቀርጹ ሰዎች ዘንድ ማስቀረጽ ይቻላል፤ ወይም ትልቅ ሰው በስለት ከላጲስ ላይ ሊቀርጸው ይችላል። ጽሕፈቱ ግን በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ለዚህም በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ አድምቆ ጽፎ፥ የተጻፈበትን ፊት በላጲሱ ላይ ደፍቶ ጀርባውን በጥፍር መፈተግ ነው፤ ፊደሉ ራሱ ተገልብጦ ያርፋል።

ሁለተኛ፤ ቀለም የጠጣ ጨርቅ ያለባቸው ሁለት የማኅተም ቀለም መያዣዎች፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ። አባቶቻችን ጽሕፈቱን በጥቁር፥ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ እየጻፉ መጻሕፍትን ያዘጋጁት በእነዚህ በሁለቱ ነውና ለልጅም አያንሱም። ሳትገዙ በፊት በቍራጭ ወረቀት ላይ አትማችሁ ሲደርቅ በረጠበ ጣት አሹት፤ ከለቀቀ ተዉት።

ሦስተኛ፤ ኤ4 የሚባለው ወፍራም ነጭ ወረቀት አሥር ቅጠል። እያንዳንዱ ለሁለት ተቈርጦ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት ካርድ ይወጣዋል፤ በጠቅላላው ሃያ ካርድ ይሆናል። ካርዱ ታጥፎ ቁመቱ 148፥ ወርዱ 105 ሚሊሜትር ስለሚሆን፥ ከዚህ ጥቂት የሚሰፋ ፖስታ ሃያ ጨምሩበት። ልጁ መጀመሪያ ማበላሸቱ አይቀርምና ለመለማመጃ ሌላ ተራ ወረቀት ይታከልበት።

አራተኛ፤ እርሳስ፥ ማስመሪያ፥ ጫፉ ያልሾለ መቀስ፥ የማኅተም መጥረጊያ ንጹሕ ጨርቅ፥ ለማጠፊያም የቀንድ ማንኪያ። በማንኪያው ጀርባ የተዳመጠ እጥፋት ቀጥ ያለ ይሆናል። ሙጫ ቢያስፈልግ፥ የፎገራ ሩዝ ተፈጭቶ ዱቄቱ በውኃ ቀጠን ተደርጎ ሲበስል ወረቀት የሚያጣብቅ ሙጫ ይወጣዋል፤ ሳይቈይ በአዲስነቱ ይሠራበት።

ይህ ሁሉ ክዳን ባለው የቈርቈሮ ሣጥን ይቀመጥ፤ የክረምት እርጥበት ወረቀትን ያጐብጣልና።

ዕቃውን ስትሰጡ አብራችሁ ተቀምጣችሁ የመጀመሪያውን ካርድ ሥሩ። ማኅተሙ በቀለሙ ላይ ቀስ ተብሎ ይነካ እንጂ አይደፈቅ፤ በወረቀቱም ላይ ቀጥ ብሎ አርፎ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ይነሣ። ሥራው ካለቀ በኋላ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ በነጭ ጋዝ ግን አይታጠብ፥ ፀሓይም ላይ አይተው፤ ጎማው ይበላሻልና። ካርዱም ሌሊቱን ሲደርቅ አድሮ በማግሥቱ ወደ ፖስታው ይግባ።

እንደ ሥራዬ ልማድ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የልጅ ማኅተም የመንግሥትን ማኅተም የሚመስል፥ ክብ ሆኖ የመሥሪያ ቤት ስም ያለበት አይሁን። የመንግሥትን ማኅተም አስመስሎ መሥራት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ልጅም ገና በጨዋታው ሳለ፥ ማኅተም ማለት ቃልን ማጽናት መሆኑን፥ በሐሰት የማይያዝ ነገር መሆኑንም ቢማር ለወደፊቱ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻ በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ወረቀት አኑሩ፤ በእርስዋም ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ካርዶች የሚሰጣቸውን ሰዎች ስም ልጁ ራሱ ይጻፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፥ በሣጥን የተዘጋው ማኅተም ሸክም ነው፤ ወደ ሰው ቤት የሄደው ካርድ ግን ጌጥ ነው።

እኔም በተከታዩ ዓመት ለክርስትና ልጄ የጐደለውን ሁሉ አሟልቼ ሰጠሁት። በስም ዝርዝሩ ራስ ላይ የጻፈው አያቱን ነበር። ካርዱን በውኃ በነከረው ጣቱ ሦስት ጊዜ አሽቶ እንዳልለቀቀ ካየ በኋላ በፖስታ አድርጎ ላከላቸው። ኋላ ቤታቸው ስገባ በግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፤ አንደኛው የአደይ አበባ ያለበት ነው፥ ሁለተኛው ያ የጠቈረው ነው። «ይህን ስለ ምን አኖሩት?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «እርሱም የልጄ እጅ ነው» አሉኝ።