ስለ እንግሊዝኛ ቃል ፍቺና አገባብ

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው አስቀድሞ የሚሻው ለእያንዳንዱ ቃል በገዛ ቋንቋው አቻውን ማግኘት ነው። ይህ መንገድ ለእንጀራና ለውሃ ይበቃል፤ ለመንግሥት ጽሑፍ ግን አይበቃም። በእንግሊዝኛ «ሳንክሽን» የሚባለው ቃል በአንድ ስፍራ ፈቃድ፥ በሌላ ስፍራ ቅጣት ማለት ነው። «ኦቨርሳይት» የሚባለውም እንዲሁ አንድ ጊዜ ቁጥጥር፥ አንድ ጊዜ ሳያዩ ማለፍ ይሆናል። ለይቶ የሚያሳውቀው ዙሪያው ያለው ንባብ ብቻ ነው።

ባለቋንቋዎቹም እንኳ ይሰናከሉበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር ሹማምንት ሲመክሩ፥ እንግሊዞቹ አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ «ቴብል» እናድርግ አሉ። ይህ በእነርሱ ዘንድ ለምክር እናቅርበው ማለት ነው፤ በአሜሪካኖቹ ዘንድ ግን ወደ ጐን ትተን እናቈየው ማለት ነው። ስለዚህ ረዥምና መራራ ክርክር ተነሣ። የሁለቱም ወገን ፈቃድ አንድ እንደ ነበረ የታወቀው ኋላ ነው ሲሉ ዊንስተን ቸርችል በጦርነቱ ታሪክ መጽሐፋቸው ተርከዋል።

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ከ40,000 በላይ ቃላት ፈትቶ፥ ለምስክር ከደራስያን መጻሕፍት ከ100,000 በላይ ጥቅስ አሰለፈ። ሥራው እጅግ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ለአገሬው ሰው እንጂ ለባዕድ ተማሪ አልተሰናዳም፤ መረብ የሚለውን ቃል የፈታበት አንቀጽ ከመረቡ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ይህን ችግር ያቃለሉት በባዕድ አገር ያስተማሩ መምህራን ናቸው። በቤንጋል ያስተማረው ማይክል ዌስት ከባልደረባው ጋራ በ1935 ዓ.ም. ያወጣው መዝገበ ቃላት ፍቺውን ሁሉ ከ1,500 በማይበልጡ ቀላል ቃላት ወሰነ። ሆርንቢና ሁለት ባልደረቦቹ በጃፓን አሰናድተው በ1942 ዓ.ም. በቶክዮ ያሳተሙት ደግሞ ግሡ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከምን ጋራ እንደሚሄድ አሳየ። በ1987 ዓ.ም. በበርሚንግሃም የተሰናዳው «ኮቢልድ» ፍቺውን ራሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አደረገው።

በዚህ ስልት «ቦሮው» የሚለው ቃል ሲፈታ፥ «አንድን ነገር ከሌላ ሰው ቦሮው ብታደርግ፥ ልትመልስለት ተስማምተህ ለጊዜው ትወስድበታለህ» እንደ ማለት ነው። ተማሪው ነገሩንም፥ ሰጪውንም፥ መመለሱንም በአንድነት ያገኛል። የኛ ቋንቋ ገንዘብን ተበደረ፥ መጽሐፍን ተዋሰ ብሎ ይለያል፤ እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም ይህንኑ አንድ ቃል ይናገራል። አቻውን ብቻ የጻፈ ተማሪ ይህን ከወዴት ያገኘዋል?

ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግሡን በቃሉ አጥንቶ አይቀርም፤ እርባታውንና አገባቡን ያያል። የአንድምታ መምህርም ንባቡን በስፍራው ይፈታል፥ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ ይጨምራል። እንግዲህ የእንግሊዝኛ ተማሪ በደብተሩ ላይ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ቢጽፍ በለመደው መንገድ መሄዱ ነው። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውዬው ራሱ ጉንፋኑን ይይዘዋል፤ ይህንንም የቃላት ዝርዝር ብቻ የያዘ ደብተር አይነግረውም።