ስለ ሴት የከባድ መኪና ነጂዎችና ስለ አሠሪዎች ግዴታ

እንደሚታወቀው፣ ከወደብ የተነሣውን ዕቃ እስከ መጋዘናችን የሚያደርስልን የከባድ መኪና ነጂ ነው። ነጂው በቀኑ ያልደረሰ እንደ ሆነ የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፤ የባንኩም ወለድ ይቆጠራል። ስለዚህ ነጂ የሚቀጠርበትና የሚሰናበትበት መንገድ የማመላለሻ ባለንብረቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የላኪውም፣ የአስመጪውም፣ የባለሱቁም ጉዳይ ነው። ዛሬ ከዚሁ ውስጥ አንዱን፣ ይኸውም ሴቶች በሴትነታቸው ብቻ ከመንዳት ሥራ ስለሚከለከሉበትና ስለሚሰናበቱበት ሁኔታ ባጭሩ እንገልጻለን።

ለዚህ አንድ ከአሜሪካ የተገኘ ምሳሌ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. የወጣው የዚያ አገር የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪው በጾታ ምክንያት ሠራተኛን እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ይህ ሕግ እያለ በሚዙሪ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የሚገኘው ኒው ፕራይም የተባለው ትልቅ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያ፣ ሴት ተለማማጅ በሴት አሠልጣኝ ብቻ እንድትሠለጥን የሚያዝ ደንብ አወጣ። ተለማማጅና አሠልጣኝ ለሳምንታት በአንድ መኪና አብረው ስለሚጓዙና እዚያው ስለሚያድሩ፣ ቀደም ሲል በወንድ አሠልጣኝ ላይ የነውር አቤቱታ ቀርቦ ነበርና፣ ደንቡ ሴቶቹን ለመጠበቅ የታሰበ መስሎ ታየ።

ነገር ግን ሴት አሠልጣኞች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ወንዱ አመልካች ሳይዘገይ ልምምዱን ሲጀምር፣ ሴቲቱ ግን ስሟ በተራ መጠበቂያ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለብዙ ወራት ትጠብቅ ነበር፤ ብዙዎቹም ሥራውን ሳያገኙ ቀሩ። በዚሁ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የአገሩ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ክስ መሠረተ። በ2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ደንቡ ሕግን የጣሰ ነው ሲል ወሰነ፤ በ2016 ዓ.ም. ጉዳዩ ሲቋጭም ኩባንያው ለተጎዱት ሴቶች ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ሆነ። ነውሩን የሚፈጽም አሠልጣኝ ካለ መመርመርና መሰናበት የነበረበት እሱ ሆኖ ሳለ፣ በደንቡ ምክንያት እንጀራዋን ያጣችው ሴቲቱ ነበረች።

በአገራችንም «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ማደሪያው አይመችም፤ ነገ ትወልዳለች» የሚል ምክንያት ሲሰጥ ይሰማል። የሚናገረው ሰው በቅን ልቡና ይናገር ይሆናል፤ ሕጉ ግን አይቀበለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 26 ጾታ፣ ጋብቻ፣ የቤተሰብ ኃላፊነትና እርግዝና ለስንብት በቂ ምክንያት አለመሆናቸውን ይዘረዝራል። በእነዚህ ምክንያት ያሰናበተ አሠሪ ሠራተኛይቱን ወደ ሥራዋ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ መልቀቁን ከመረጠችም ካሳ ይከፍላል። ሥራው ለእርሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ያረጋገጠ እንደ ሆነ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች እንጂ አትባረርም።

ስለዚህ መኪና ላላቸው ነጋዴዎች የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የቅጥር መመዘኛው የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ፣ የሥራ ልምድና ጤንነት ይሁን፤ ለወንዱም ለሴቲቱም አንድ ዓይነት ፈተና ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ ነውር ተፈጸመ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ተከሳሹ ይመርመር እንጂ ከሳሿ ከጉዞ አትታገድ።

ሦስተኛ፣ የስንብት ደብዳቤ ምክንያቱንና ቀኑን በግልጽ ይያዝ። «ለሥራው አትመችም» የሚል ቃል ምክንያት አይባልም። ደብዳቤው የሚጻፍ አንድ ቀን በዳኛ ፊት እንደሚነበብ ታስቦ ነው።

መኪና የሌለን ነጋዴዎችም ብንሆን ከማመላለሻ ድርጅት ጋር ውል ስንዋዋል፣ ዕቃችንን ሴት ነጂ እንዳትይዘው የሚል ቃል ከመጨመር እንቆጠብ። ከእኛ የሚጠበቀው ዕቃው በደህና፣ በቀኑና በልኩ መድረሱን መጠየቅ ነው።